ከአገዳ ማሳ እስከ ነዳጅ ማደያ፦ የብራዚል አልኮል ሃምሳ ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ1975 አጋማሽ የብራዚሉ ፕሬዚዳንት ጄኔራል ኤርኔስቶ ጋይዜል ከሳኦ ፓውሎ ብዙም በማይርቀው በሳኦ ጆዜ ዶስ ካምፖስ ከተማ የሚገኘውን የአየር ኃይል የምርምር ማዕከል ጎበኙ። ማዕከሉ በዋናነት የአውሮፕላን ጥናት የሚካሄድበት ነው። በዚያ ጉብኝት ታሪክ የሠራው ግን ኡርባኖ ኤርኔስቶ ስቱምፍ የተባሉ መሐንዲስ ያሳዩአቸው የመኪና ሞተር ነበር። ሞተሩ የሚሠራው ከሸንኮራ አገዳ በወጣ አልኮል ነው። ጋይዜል ለነገሩ እንግዳ አልነበሩም፤ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት ፔትሮብራስ የተባለውን የመንግሥት የነዳጅ ኩባንያ መርተዋል። አንድ በርሜል ድፍድፍ ስንት እንደሚያወጣ፣ የጫነው መርከብ ሲዘገይ በአገር ላይ ምን እንደሚመጣ ጠንቅቀው ያውቃሉ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 14 ቀን ብሔራዊ የአልኮል ፕሮግራም፣ በአጭር ስሙ ፕሮአልኮል፣ በድንጋጌ ተቋቋመ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ በብራዚል ማደያዎች አልኮል ያልተቀላቀለበት መደበኛ ቤንዚን አይሸጥም። ከዚያም አልፎ በየማደያው አልኮል ብቻውን የሚቀዳበት ማሽን አለ፤ ነጂው የፈለገውን መርጦ ይሞላል። ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሳይንስ ድል ተደርጎ ይተረካል፤ አልኮል መኪና እንደሚያንቀሳቅስ ግን ጋይዜል ያንን ሞተር ከማየታቸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ይታወቅ ነበር። ብራዚልን ከሌሎች የለያት መንግሥት ለነጂው፣ ለፋብሪካ ባለቤቱና ለአገዳ አምራቹ የገባው ቃል ነው። ኢንዱስትሪው ቃሉ ሲጠበቅ አደገ፤ ቃሉ ሲታጠፍም ወደቀ።

ሥሩን ለማየት ወደ 1920ዎቹ መመለስ ያስፈልጋል። ያኔ ብራዚል የራሷ ነዳጅ አልነበራትም፤ አገዳ ግን ከፖርቱጋሎች ዘመን ጀምሮ በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍዋ ሞልቶ ነበር። ስኳር በዓለም ገበያ ሲረክስ የፋብሪካ ባለቤቶች ትርፉን አገዳ ምን እናድርገው ብለው ይጨነቃሉ። በ1925 አንድ ፎርድ መኪና ውኃ ባልተለየው አልኮል ተነድቶ ታየ። ከሁለት ዓመት በኋላ አላጎአስ ውስጥ ያለ አንድ የስኳር ፋብሪካ አልኮልና ኤተር ቀላቅሎ የራሱን ነዳጅ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ የ1929 የዓለም የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ፤ የስኳር ዋጋ አሽቆለቆለ፣ ነዳጅ የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪም ጠፋ።

በ1931 የጄቱሊዮ ቫርጋስ መንግሥት ያወጣው ድንጋጌ ቤንዚን የሚያስመጣ ሁሉ ከሚያስገባው መጠን 5 በመቶ የሚሆን የአገር ውስጥ አልኮል ገዝቶ እንዲቀላቅል አስገደደ። ከሁለት ዓመት በኋላ የስኳርና አልኮል ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ለእያንዳንዱ ፋብሪካ ኮታ የሚሰጥ፣ ዋጋ የሚተምንና ወደ ውጭ የሚላከውን የሚወስን ኃያል መሥሪያ ቤት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች አትላንቲክን ሲያስጨንቁ የነዳጅ መርከብ መምጣት አስቸጋሪ ሆነ። በአንዳንድ አካባቢዎች የአልኮሉ ድርሻ እስከ ግማሽ ደረሰ፤ ሌሎች መኪኖች ደግሞ በከሰል ጋዝ ይሄዱ ነበር። ጦርነቱ አልቆ ርካሽ ነዳጅ ሲመለስ አልኮሉ ተረሳ። የመቀላቀሉ ሕግና ልምድ ግን አልጠፉም፤ ፕሮአልኮል በኋላ የተነሣው በዚሁ ላይ ነው።

በ1973 መጨረሻ የአረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ሲጣል ብራዚል ከምትፈልገው ድፍድፍ 80 በመቶ ያህሉን ከውጭ ታስገባ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ የበርሜሉ ዋጋ ከ3 ዶላር አካባቢ ወደ 12 ዶላር ገደማ ዘለለ። አገሪቱን ይገዛ የነበረው ወታደራዊ መንግሥት ሕዝቡን ዝም ያሰኘው «የኢኮኖሚ ተአምር» በሚለው ዕድገት ስለነበር፣ ዕድገቱ ከተቋረጠ ሥልጣኑም እንደሚናጋ ያውቃል። በዚሁ ሰሞን ስኳር ሌላ ፈተና ይዞ መጣ። በ1974 መጨረሻ አንድ ፓውንድ ስኳር በዓለም ገበያ ከ60 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ዋጋ ተማምነው ፋብሪካቸውን ያስፋፉ ባለሀብቶች በ1975 ዋጋው ሲወርድ ዕዳ ተሸክመው ቀሩ።

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ይገባል። ፕሮአልኮል አገርን ከነዳጅ ጥገኝነት ለማላቀቅ የታሰበ ቢሆንም የስኳር ባለሀብቶችንም ለማዳን ጭምር የተወጠነ ነው። ከሁለቱ ዓላማዎች አንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ በዚያ ፍጥነት መንቀሳቀሱ ያጠራጥራል። የገንዘብ ሚኒስቴር ምንዛሪ ማዳን ይፈልጋል፤ ባለ ፋብሪካዎቹ ገበያ፣ ጄኔራሎቹ ደግሞ ባሕር ላይ የማይቋረጥ ነዳጅ ይፈልጋሉ። ጥቅማቸው በአንድ ተክል ላይ ተገናኘ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ቀላል ነበር። ዕቅዱ እስከ 1980 በዓመት 3 ቢሊዮን ሊትር አልኮል ማምረት ነው፤ ፕሮግራሙ ሲጀመር ምርቱ 600 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነበር። ያሉት የስኳር ፋብሪካዎች አጠገባቸው ማጣሪያ እንዲሠሩ መንግሥት በርካሽ አበደራቸው። የብድሩ ወለድ ከዋጋ ንረቱ በታች ስለነበር ብድሩ በተግባር ከስጦታ አይለይም። የወጣው አልኮል ውኃው ፈጽሞ ተለይቶ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀላል፤ ቅይጡ ከ20 በመቶ አካባቢ እስካላለፈ ድረስ ያለውን ሞተር ብዙ መንካት አያስፈልግም። ነጂው ልዩነቱን ሳያስተውል የአገሩን አገዳ ማቃጠል ጀመረ።

ስቱምፍ ግን ከዚያ የላቀ ሐሳብ ነበራቸው። በ1976 በማዕከላቸው የተለወጡ አንድ ዶጅ፣ አንድ ቮልስዋገንና አንድ ጉርጌል የተባለ የብራዚል ሥሪት መኪና አልኮል ብቻ እየተቀዳላቸው በአገሪቱ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጓዙ። ጉዞው ሞተሩን ለመፈተንም ሕዝብን ለማሳመንም ነበር። የመኪና አምራቾቹ፣ ማለትም ፊያት፣ ፎርድ፣ ጄኔራል ሞተርስና ቮልስዋገን፣ ለአንድ አገር ብለው አዲስ ሞተር መሥራት አልፈለጉም። ነዳጁ ነገ እንደሚኖር ማን ያረጋግጥልናል ብለው ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ነጂው አልኮል የሚሸጥ ማደያ ካላየ መኪናውን አይገዛም፤ ባለ ማደያው አልኮል የሚሞላ መኪና ካላየ ማሽን አይተክልም፤ ባለ ፋብሪካውም ገዢ ሳያይ ማጣሪያ አይሠራም። ሁሉም አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

ይህን ቋጠሮ የፈታው የ1979 ሁለተኛው የነዳጅ ቀውስ ነው። የኢራን አብዮት ዋጋውን እንደገና ሲያንረው የአዲሱ ፕሬዚዳንት የጄኔራል ጆአኦ ፊጌሬዶ መንግሥት ዕቅዱን በ1985 ወደ 10.7 ቢሊዮን ሊትር ከፍ አደረገ፤ ለሁሉም ወገን በአንድ ጊዜ ዋስትና ሰጠ። ፔትሮብራስ የተመረተውን አልኮል ገዝቶ ያከፋፍላል። ማደያዎች አልኮል የመሸጥ ግዴታ አለባቸው። የአልኮል ዋጋ ከቤንዚኑ 65 በመቶ ገደማ እንዳይበልጥ ይደረጋል። አልኮል የሚነዳ መኪና ቀረጡ ይቀንሳል፤ ለባለ ታክሲ ደግሞ የተለየ ቅናሽ አለ። አምራቾቹ በበኩላቸው በብዛት ለማምረት ከመንግሥት ጋር ተፈራረሙ።

በዚያው ዓመት አጋማሽ ፊያት 147 በፋብሪካ በተከታታይ የተመረተ የመጀመሪያው የአልኮል መኪና ሆኖ ወጣ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ሽታ የአገዳ አረቄያቸውን ካሻሳን ስለሚያስታውስ ብራዚላውያን በፍቅር «ካሻሲኛ» አሉት። መኪናው ችግር አላጣውም። አልኮል በብርድ ቶሎ አይቀጣጠልም፤ ስለዚህ ከሞተሩ አጠገብ ትንሽ የቤንዚን ጋን ተተከለለትና ጠዋት ጠዋት በቤንዚን ይነሣል። አልኮል ብረትን ስለሚበላ የካርቡረተሩን ክፍሎች በኒኬል መቀባት፣ የነዳጅ ጋኑንም ከውስጥ መሸፈን ግድ ሆነ። በሌላ በኩል አልኮል ከቤንዚን የበለጠ መታመቅን ስለሚችል መሐንዲሶቹ የሞተሩን ግፊት ከፍ አድርገው ጉልበት ጨመሩለት። በሊትር የሚሄደው ርቀት ከቤንዚን ቢያንስም በ65 በመቶው ዋጋ ሲታሰብ ነጂው አይከስርም።

መንገዱ ግን ቀጥ ብሎ አልሄደም። በየጋራዡ የቤንዚን ሞተር ወደ አልኮል የሚለውጡ ባለሙያ ነን ባዮች መኪና አበላሹ፤ የመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ሞዴሎችም ቶሎ ይዝጉ ነበር። በ1981 መንግሥት የአልኮሉን ዋጋ ወደ ቤንዚኑ ሲያስጠጋ ገዢው ደነገጠ፤ የአልኮል መኪና ሽያጭ በአንድ ዓመት ውስጥ በኃይል ወደቀ። መንግሥት ቶሎ ተመልሶ ዋጋውን አራራቀ፣ አምራቾቹም የዝገቱን ችግር አስወገዱ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በብራዚል ከሚሸጡ 10 አዲስ መኪኖች ከ9 በላይ የሚሆኑት አልኮል ብቻ የሚነዱ ሆኑ። በታሪክ ሌላ አገር ይህን አላደረገም።

ለዚህ ስኬት ዋጋውን የከፈሉት ግን መኪና የሌላቸው ሰዎች ጭምር ናቸው። አገዳው በሳኦ ፓውሎ ክልል በፍጥነት ሲስፋፋ የባቄላና የሩዝ ማሳ፣ የከብት ግጦሽም ተውጦ ሄደ። ጢሰኞችና ጥቃቅን ባለይዞታዎች ከመሬት ተፈናቅለው በየከተማው ዳር ሰፈሩና በመከር ወራት ብቻ የሚቀጠሩ አገዳ ቆራጮች ሆኑ። ጎህ ሳይቀድ በከባድ መኪና ተጭነው ይሄዳሉ፤ የቋጠሩትን ምሳ ማሳው ላይ ቀዝቅዞ ይበሉታል። አገዳው ለመቁረጥ እንዲመች በዋዜማው ስለሚቃጠል ቀኑን ሙሉ ጥላሸት ሲተነፍሱ ይውላሉ።

በሜይ 1984 ጉዋሪባ በምትባል ትንሽ የሳኦ ፓውሎ ከተማ የታመቀው ቁጣ ፈነዳ። እስከዚያ ድረስ አንድ ቆራጭ በአንድ ጊዜ አምስት መስመር አገዳ እየቆረጠ ይሄድ ነበር፤ አሠሪዎቹ ሰባት መስመር አደረጉት። ወሬው ቀላል ይመስላል፤ የቆረጠውን አገዳ ከዳር ዳሩ ተሸክሞ መሃል ላይ ለሚከምር ሰው ግን ሁለት ተጨማሪ መስመር ማለት ለዚያው ክፍያ ብዙ ተጨማሪ እርምጃ ነው። በዚያ ላይ የውኃ ክፍያ ተቆልሎባቸው ነበር። ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ወጡ፤ የውኃ ድርጅቱን ቢሮ አወደሙ፣ አንድ የሸቀጥ መደብርም ተዘረፈ። ፖሊስ ገባ፤ በተተኮሰ ጥይት አንድ ሰው ሞተ። ከቀናት በኋላ የተፈረመው ስምምነት አምስቱን መስመር መለሰ፤ አሠሪው የሥራ መሣሪያና መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ክፍያውም በግልጽ እንዲመዘገብ አደረገ። ስምምነቱ ለሌሎች የአገዳ ከተሞች አርአያ ሆነ። ፕሮአልኮልን የሚያወድሱ ብዙ ጽሑፎች ጉዋሪባን አይጠቅሱም፤ ሊጠቅሱ ግን ይገባ ነበር። በ2000ዎቹ አጋማሽ እንኳ በቀን 10 ቶንና ከዚያ በላይ ሲቆርጡ ውለው የሞቱ ሠራተኞችን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተጓዥ ሠራተኞች አገልግሎት ሲመዘግብ ቆይቷል።

ወንዞቹም ተጎድተዋል። አንድ ሊትር አልኮል ሲወጣ ከ10 ሊትር በላይ ቪናስ የሚባል ጥቁርና የሚከረፋ ፈሳሽ ይተርፋል። ይህ ፈሳሽ ወንዝ ሲገባ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣው በጅምላ ያልቃል። መንግሥት በ1978 ወደ ወንዝ መልቀቁን ከለከለ። ፋብሪካዎቹ ሌላ መላ ሲፈልጉ ፈሳሹ ፖታሲየም የበዛበት በመሆኑ መልሶ ለአገዳው ማሳ ማዳበሪያ እንደሚሆን ተረዱ፤ በቦይና በቧንቧ ይመልሱት ጀመር። ትእዛዙ ባይኖር ኖሮ ያን ያህል ወጪ የሚያወጣ ፋብሪካ ይገኝ ነበር ብሎ ማመን ያስቸግራል። የተጨመቀው አገዳ ገለባም እየተቃጠለ ፋብሪካውን ያንቀሳቅሳል፣ ትርፉ ወደ ኤሌክትሪክ መስመር ይገባል። የብራዚል አልኮል ለምርቱ ከሚፈጀው የቅሪተ አካል ነዳጅ ስምንት እጥፍ ያህል ኃይል ይሰጣል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1986 የዓለም የነዳጅ ዋጋ ተንኮታኮተ። ቤንዚን ሲረክስ አልኮሉን በርካሽ ለማቆየት መንግሥት የሚከፍለው ልዩነት ከበደ፤ በዚያ ላይ አገሪቱ በውጭ ዕዳና በዋጋ ንረት ተይዛ ነበር። ለአምራቾች የሚከፈለው ዋጋ ከወጪያቸው በታች ሲወርድ፣ የስኳር ዋጋ ደግሞ በዓለም ገበያ ሲነሣ፣ ባለ ፋብሪካዎቹ አገዳቸውን ወደ ስኳር አዞሩት። መንግሥት ግን ለአልኮል መኪና የሚሰጠውን የቀረጥ ቅናሽ አላነሣም ነበርና መኪናው መሸጡን ቀጠለ። በአንድ እጁ ፈላጊ እያበዛ በሌላው አቅራቢ አባረረ። በ1989 መጨረሻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአልኮል መኪኖች ባሉባት አገር ማደያዎቹ ደረቁ፤ ነጂዎች ለሰዓታት ተሰለፉ። ራሷን ከውጭ ነዳጅ ለማላቀቅ የተነሣችው ብራዚል አልኮልና ሜታኖል ከውጭ ገዝታ ማስገባት ግድ ሆነባት። ሜታኖሉ መርዝነት ስላለው ሌላ ተቃውሞ አስነሣ።

በ1990 ከአዲስ መኪኖች ውስጥ የአልኮሉ ድርሻ ወደ 10 በመቶ አካባቢ ወረደ፤ በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ሆነ። በመስመር ቆሞ ሥራ የቀረበት ሰው የመንግሥትን ማስታወቂያ ዳግም አያምንም። በዚያው በ1990 ፕሬዚዳንት ፈርናንዶ ኮሎር የስኳርና አልኮል ኢንስቲትዩቱን ዘጉት። ኢንዱስትሪውን ከሞት ያተረፈው ቅይጡ ነው፤ በ1993 የወጣው ሕግ ቤንዚን ሁሉ 22 በመቶ አልኮል እንዲይዝ አዘዘ። ስለዚህ ፋብሪካው አልተዘጋም፣ መሐንዲሱም አልተበተነም፤ የአገዳ ዝርያ የሚያሻሽሉ ተመራማሪዎችም ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1975 ከአንድ ሄክታር ከ3,000 ሊትር በታች ይገኝ የነበረው አልኮል ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህ በጋዜጣ የማይወጣ፣ ከወቅት ወቅት የሚጠራቀም ሥራ ነው፤ ከመኪናው ይልቅ ብዙ ምስጋና የሚገባው እሱ ይመስላል።

በማርች 2003 ቮልስዋገን ጎል የተባለውን ትንሽ መኪና በአዲስ መልክ አወጣ። ይህ መኪና ቤንዚንም አልኮልም፣ የሁለቱንም ማንኛውንም ቅይጥ ይሞላል። በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው የኦክስጅን መለኪያ የሚቃጠለውን ነዳጅ ዓይነት ለመኪናው ኮምፒዩተር ይነግረዋል፤ ኮምፒዩተሩም የሚረጨውን መጠንና የሚቀጣጠልበትን ቅጽበት ያስተካክላል። ለብራዚላዊው ነጂ ትርጉሙ ግልጽ ነበር፦ አልኮል ቢጠፋ ቤንዚን ይሞላል፣ ቤንዚን ቢወደድ አልኮል ይሞላል። መንግሥትን ማመን አያስፈልገውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሚሸጡት አዲስ መኪኖች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉት ሆኑ። ነጂዎች አንድ ስሌት በቃላቸው ይዘዋል፤ የአልኮሉ ዋጋ ከቤንዚኑ 70 በመቶ በታች ከሆነ አልኮል ያዋጣል፣ ካለፈ ቤንዚን።

ያም ሆኖ የመንግሥት እጅ ከዋጋው አልወጣም። በ2010ዎቹ መጀመሪያ የፕሬዚዳንት ዲልማ ሩሴፍ መንግሥት የዋጋ ንረትን ለመግታት ብሎ ቤንዚንን በርካሽ ሲያቆይ አልኮል መወዳደር አቃተው፤ በርካታ ፋብሪካዎች ተዘጉ። ከዚያ ወዲህ የቅይጡ ሕግ እንደገና ተጠናከረ፤ ማቶ ግሮሶ ክልል ውስጥ ደግሞ ከበቆሎ የሚወጣ አልኮል ተስፋፋ። ቅይጡ በ2015 ወደ 27 በመቶ፣ ከኦገስት 2025 ጀምሮ ወደ 30 በመቶ ከፍ ብሏል። የአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ከ30 ቢሊዮን ሊትር በላይ ነው።

ብራዚል ሁሉ ነገር አልተሳካላትም። በ2004 መጨረሻ የፕሬዚዳንት ሉላ መንግሥት የባዮዲዝል (ከተክል ዘይት የሚሠራ ናፍጣ) ፕሮግራም ሲጀምር ሐሳቡ ልብ የሚነካ ነበር። በድርቅ የሚጠቃው የሰሜን ምሥራቁ ድኻ ገበሬ ጉሎ ይተክላል፤ ከእሱ ዘይት የሚገዛ ፋብሪካ ልዩ ማኅተም ይሰጠውና ቀረጡ ይቀነስለታል። ጉሎ ድርቅ ይችላል፣ መሬት አይመርጥም ተባለ። ነገር ግን የጉሎ ዘይት ለቅባትና ለመዋቢያ በጣም ውድ ዋጋ ያወጣል፤ ማቃጠሉ ኪሳራ ነው። ወፍራም በመሆኑም ለሞተር አይመችም። ምርቱ ከታሰበው በታች ሆነ፣ ገበሬው ተስፋ ቆረጠ፤ ባዮዲዝሉን በአብዛኛው የያዘው የትልልቅ እርሻዎቹ አኩሪ አተር ሆነ።

ጉሎው የኢትዮጵያን አንባቢ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። በ2007 የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ አወጣ። ለባዮዲዝል ተክሎች፣ በተለይ ለጃትሮፋና ለጉሎ፣ ይሆናል ተብሎ የተገመተው መሬት ከ23 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነበር። የውጭ ኩባንያዎች መጡ። አንድ የጀርመን ኩባንያ በምሥራቅ ሐረርጌ ለጉሎ የተረከበው መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር በመነካካቱ ብርቱ ክርክር አስነሣ፤ በወላይታ ከገበሬዎች ጋር ውል ተይዞ የተዘራው ጉሎም ብዙ አልቆየም። በዚያው በ2007 የተባበሩት መንግሥታት የምግብ መብት ልዩ ራፖርተር ዣን ዚግለር የምግብ ሰብልን ወደ ነዳጅ መለወጥ ለአምስት ዓመት እንዲታገድ ጠይቀው ነበር። ዘይት ወጥቶ ማደያ ሳይደርስ አብዛኛው የኢትዮጵያ ዕቅድ ከሰመ።

ኢታኖሉ፣ ማለትም ከአገዳ የሚወጣው አልኮል፣ የተሻለ ዕድል ነበረው። በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር፣ በመተሐራው 12.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ያላቸው ማጣሪያዎች ተተከሉ። ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤንዚን 5 በመቶ ኢታኖል ይቀላቀልበት ጀመር፤ በ2011 ወደ 10 በመቶ አደገ። ብዙ የአዲስ አበባ ነጂ ከፊንጫና ከመተሐራ አገዳ በወጣ ኢታኖል እየነዳ መሆኑን ሳያውቅ ዓመታት አለፉ። ከብራዚል የሚለየው ትልቁ ነገር ጥሬ ዕቃው ነው። ብራዚል የአገዳውን ጭማቂም በቀጥታ ወደ አልኮል ትለውጣለች፤ ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ከስኳር በኋላ የሚተርፈውን ሞላሰስ ነው፤ ስኳር ራሱ በሚያጥርባት አገር ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነበር። ግን ኢታኖሉን በስኳሩ ዕድል አስሮታል። የተንዳሆ፣ የኩራዝና የጣና በለስ ፋብሪካዎች ለዓመታት ሲዘገዩ የታቀደው የኢታኖል ጎርፍ ሳይመጣ ቀረ።

በዚህ መሃል የተረሳ አንድ ነገር አለ። በጅጅጋ አካባቢ በቀብሪበያህና በሌሎች የሶማሌ ስደተኞች መጠለያዎች ጋያ የተባለው ድርጅት የፊንጫን ኢታኖል በሚያነድ ምድጃ በሺህ ለሚቆጠሩ ቤተሰቦች አቅርቦ ነበር። እናቶች ለማገዶ ብለው ከመጠለያው ርቀው ሲወጡ ከሚደርስባቸው ጥቃት የሚያድን፣ ከጭስም የሚገላግል ሥራ ነው። ኢታኖሉ ወደ መኪና ሲዞር ለምድጃው ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ሁለቱንም ለማዳረስ የሚበቃ ምርት ባለመኖሩ ቅድሚያ ያገኘው መኪናው ነው። ይህ ምርጫ በአደባባይ ተመክሮበት ቢሆን ኖሮ ውጤቱ የተለየ ሊሆን ይችል ነበር።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተለውጧል። በ2024 ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞራለች፤ ከዓባይ ግድብ የሚገኘው ኃይል ላላት አገር ይህ የራሱ አመክንዮ አለው። ቀድሞ የገቡት የቤንዚን መኪኖች ግን ገና ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ ይቆያሉ፤ የስኳር ፋብሪካዎቹም በሠሩ ቁጥር ሞላሰስ ያስወጣሉ። ኢታኖልን ለማደያ፣ ለምድጃ ወይም ለፋብሪካ የሚመድብ ሁሉ ብራዚል በ1989 የከፈለችውን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቅ፦ ዋጋው በምን ቀመር እንደሚተመን፣ ምርት ሲያንስ ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ፣ አገዳውን የሚቆርጠው ሠራተኛ በቶን ስንት እንደሚከፈለው።